ፒካፑ ጉልበት ሲያጣ፣ ዘይት ሲበላ፦ የአየር ፊልትሮ ችግርና መፍትሄ

ዘይትና ውሃው ታይቷል፣ የናፍታ ፊልትሮውም በጊዜው ተቀይሯል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት፣ ጥቁር ጭስ፣ ናፍታ ማብዛት

ባሕር ዳር ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስትወጡ መኪናው ከወትሮው አንድ ማርሽ ዝቅ ካስደረጋችሁና ነዳጅ ስትረግጡ ጥቁር ጭስ ከለቀቀ፣ መጀመሪያ የምትከፍቱት የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ነው። ናፍታው ይገባል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን አልበቃም። ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ፊልትሮ ሲደፈን እዚህ ቶሎ ይታወቃል። በተለይ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው አሮጌ ላንድክሩዘር አይችለውም።

መቼ ይቀየር? የአምራቾቹ መመሪያ እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ይህ አስፋልት ለሚበዛበት መኪና ነው። ወደ ጎንደር በአስፋልት ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ ይሠራላችኋል። በበጋ ጥርጊያ መንገድ የምትውሉ ከሆነ ግን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አውጥታችሁ እዩት። እኔ እንዲህ ያለ መኪና ላይ 10,000 አላሳልፍም። ከኅዳር እስከ ጥር ጭድ ወይም የፎገራ ሩዝ ገለባ የሚጭን ደግሞ በየሳምንቱ ይከፈት። ገለባው የሳጥኑ ታች ተከማችቶ አየሩን ይዘጋል።

አዲስ ፊልትሮ ገብቶም ጭሱ ካልቀነሰ የቱርቦ ቱቦው ተቀድዶ፣ ቱቦውን የሚያጠብቀው ፋሼታ ላልቶ ወይም ናፍታ የሚረጨው ኖዝል ተበላሽቶ ይሆናል።

ምልክት፦ ዘይት መጨመር በዛ፣ ጠዋት አልነሳ አለ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ይተነፍሳል

ጋራዥ ውስጥ ደጋግሜ የማየው፣ የሚያናድደኝም ይሄኛው ነው። የተደፈነ ፊልትሮ ቢበዛ ጉልበት ይቀንስባችኋል። ቀዳዳ ያለው ግን ሞተር ያስወርዳል። አቧራው ከፊልትሮው አልፎ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ ከዘይት ጋር ይቀላቀልና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይሞርደዋል።

ቀዳዳው ከየት መጣ? ብዙውን ጊዜ ከጎሚስታ ቤት። ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ይሄዳል፣ «በዚያው ፊልትሮውንም ንፋልኝ» ይላል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር እስከ 8 ባር ይደርሳል። ወረቀት ነው የሚነፋው! ዛሬ ትንሽ ይሳሳል፣ በሚቀጥለው ይበሳል። ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ ደግሞ አቧራው ጭራሽ ንጹህ ወደሆነው ጎን ይገፋል።

ከጢስ ዓባይ መስመር ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልስ ፒካፕ መጥቶልኝ ነበር። ዘይት ይጠጣል፣ ጠዋት በግፊ ነው የሚነሳው። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። «ፊልትሮውን ተወው፣ በየሳምንቱ ነው የምናስነፋው» አሉኝ። ፊልትሮውን ጨለማ ክፍል አስገብቼ የስልክ ባትሪ ውስጡ አበራሁበት። ብርሃኑ በየእጥፋቱ እንደ ወንፊት ሾለከ። ከዚያ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ከፍቼ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ ቀይ አፈር ለብሶ ወጣ። «ጋሼ፣ በየሳምንቱ የጸዳው ፊልትሮው አይደለም፤ ቀዳዳው ነው የሰፋው» አልኳቸው። ሞተሩ ሲወርድ ፋሻው አልቋል፣ ሲሊንደሩ ተጭሯል። አንድ ሞተር ለማሠራት የሚወጣው ገንዘብ ስንት ፊልትሮ እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

ሌላው ምክንያት የማይረባ ፊልትሮ ነው። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም ታትሞበታል፣ ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው። አንድ ሃይሉክስ አዲስ ፊልትሮ ገብቶለት ብዙም ሳይቆይ መጣ። የጠርዙ ጎማ ደረቅ ነው፤ ከሳጥኑ ጋር አይገጥምም። የገጠመው ሰው ክፍተቱን በካላማንዳሪ (የጎማ የውስጥ ቱቦ) ቁራጭ ሊደፍነው ሞክሯል። አቧራው በጎማው ዳር መስመር ሠርቶ ገብቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሰው ሞተር እየሸጠ ነው።

ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን ለኩት። ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ጥሩው ወዲያው ይመለሳል። እጥፋቶቹ እኩል ይሁኑ፤ ማጣበቂያው ዳር ላይ አይክፈት። ሳጥኑ ሲዘጋ ጎማውን ጫን ማለት አለበት። በቀላሉ ክሊክ ብሎ ከተዘጋ ተጠራጠሩ። ማያያዣው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ሳጥን ደግሞ ምንም ጥሩ ፊልትሮ ቢገባበት ዋጋ የለውም። ሳጥኑን ቀይሩ።

የግድ መንፋት ካለባችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር በታች፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቃችሁ ንፉ። ሁለት ጊዜ ከተነፋ ሦስተኛው ላይ ይጣል። በየጊዜው በባትሪ መብራት እዩት። በቤንዚን ወይም በናፍታ አትጠቡት፤ እሳት ነው። በሳሙናም አትጠቡት፤ ወረቀቱ ይለቅቃል። «ለአንድ ጉዞ ነው» ብላችሁ ያለ ፊልትሮ አትንዱ። ሞተሩን ለመጉዳት አንድ የበጋ ጥርጊያ ጉዞ ይበቃል።

አሮጌው ላንድክሩዘር ያላችሁ፣ የክቡ ሳጥን ታች የምትንጠለጠለዋን ጎማ አትንቀሏት። አቧራ የምታወጣው እሷ ናት። ጨመቅ አድርጓት፣ ይረግፋል። ከተቀደደች ቀይሯት።

ምልክት፦ ክረምት ላይ ጎርፍ ከተሻገራችሁ በኋላ መታፈን

ፊልትሮው ረጥቧል። ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ አትመልሱት፤ የረጠበ ወረቀት ቅርጹን ያጣል። ቀይሩት። ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋ ግን ቁልፍ አትንኩ! ውኃ አይታመቅም፣ ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ (ቢየላ) ያጎብጣል። ሳጥኑን ክፈቱ። ውኃው ፊልትሮውን አልፎ ከሆነ መኪናው ተጎትቶ ይምጣ፤ ኖዝሎቹ ወይም የማሞቂያ ሻማዎቹ ተነቅለው ውኃው ይወጣል።

እህል መጋዘን አጠገብ የሚያድር መኪና ሳጥን ውስጥ አይጥ ጎጆ ትሠራለች፤ ወረቀቱንም ትበላለች። ኮመንሬል በሚባለው በኤሌክትሮኒክስ በሚታዘዝ የናፍታ ሞተር ላይ በዘይት የሚረጥበውን የሚታጠብ ፊልትሮ አልመክርም፤ ዘይቱ ከበዛ የአየር ሴንሰሩን ያበላሻል። የካቢን ፊልትሮ ሌላ ነው፤ ኤሲው ደክሞ ሲነፍስና ሲሸት እሱን ቀይሩ።