ደብረ ብርሃን ልሥራ ወይስ አዲስ አበባ? የእጅ ባለሙያ ሂሳቡን ከኑሮ ወጪው ጋር እንዴት ያመዛዝናል

ደብረ ብርሃን የቤት ወለልና ግድግዳ ሴራሚክ እያነጠፍኩ ሳለ አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «እዚህ የቀን ሂሳቡ ከእናንተ በሦስት መቶ ብር ይበልጣል» አለኝ። በማግስቱ መቁረጫዬን ይዤ ተሳፈርኩ። ሦስት ወር ሠርቼ ስመለስ ለእናቴ የሰጠኋት ገንዘብ እዚሁ ሆኜ ከምሰጣት አነሰ። ሥራ አልፈታሁም፤ ገንዘብም አላባከንኩም። የሄድኩት ግን ሳላሰላ ነበር። እናንተ አስልታችሁ ሂዱ።

1. ስንት ቀን እንደሚሠራ ጠይቁ

«በቀን ስንት ይከፈላል?» ሁሉም የሚጠይቀው ነው። የሚሻለው ጥያቄ «ባለፈው ወር ስንት ቀን ሠራችሁ?» የሚለው ነው። እሑድ አለ፣ በዓል አለ። ሲሚንቶ ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለግንበኛና ለፌራዮ (የግንባታ ብረት ሠራተኛ) ከባድ ናቸው። ፊኒሺንግ (እንደ ሴራሚክና ቀለም ያለ ማጠናቀቂያ) የሚሠራ ሰው ጣሪያ ሥር ስለሆነ ዝናቡ ያን ያህል አይጎዳውም።

የምትጠይቁት ፎርማኑን ሳይሆን እዚያው ሳይት የሚውሉትን ልጆች ይሁን። ሂሳብ በሰዓቱ ይከፈል እንደሆነም እነሱ ይነግሯችኋል። ሁለት ወር የሚያድር ትልቅ ሂሳብ፣ በየ15 ቀኑ ከሚደርስ ትንሽ ሂሳብ ያንሳል። በመሃል የምትበሉት በብድር ነውና።

የምትዋዋሉት በካሬ ሜትር ወይም በቁርጥ (ለጠቅላላ ሥራው በአንድ ዋጋ) ከሆነ የረዳቱን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል አረጋግጡ። ሴራሚኩን አራተኛ ፎቅ የሚያወጣውስ ማን ነው? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ተስማምቼ ከሂሳቤ ሩብ ያህሉን ለተሸካሚ ከፍያለሁ።

2. የወር ደሞዝ ከሆነ የተጣራውን ያዙ

ደብረ ብርሃንም አረርቲም ፋብሪካ አለ፤ በያጅና ኤሌክትሪሺያን በወር ይቀጥራሉ። የሚነግሯችሁ ደሞዝ ብዙ ጊዜ ያልተጣራው ነው። ግብር ይቆረጣል፤ ለጡረታም 7 በመቶ ከእናንተ ይሄዳል። አሠሪው 11 በመቶ ስለሚጨምርበት ይህኛው ለነገ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው።

የትርፍ ሰዓቱንም ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ሌሊት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ ስለሌለ፣ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ያዙ።

3. ወጪውን በ30 ቀን አስሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥራ በወር 20 ቀን ሊሆን ይችላል፤ ሆድ ግን እሑድም በዓልም አያውቅም። ኪራይ፣ ምግብ፣ ታክሲ፣ የስልክ ካርድ፣ ወደ ቤተሰብ መመላለሻ፣ ሁሉንም ጻፉ። አዲስ አበባ ለመኖሪያ ቤት ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ በሕግ አይቻልም። የሁለት ወሩ ግን መጀመሪያ ቀን ከኪሳችሁ ይወጣል።

አየሩም ወጪ አለው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ብርድ ልብስና ከሰል ያስገዛል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ብትሠሩ ከብርዱ ትገላገላላችሁ፤ ነገር ግን ወባ ከያዛችሁ መድኃኒቱም ሥራ የፈታችሁበት ቀንም ይቆጠራል።

ከቤት የሚላከውን አትርሱ። ከመንዝ የሚመጣ በሶና ሽሮ፣ ከምንጃር የሚመጣ ጤፍ ብር ነው። ከቤተሰብ በራቃችሁ ቁጥር እሱም ይቀራል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጭራሽ አይደርስም።

4. ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ በየራሳችሁ ቀይሯቸው።

ደብረ ብርሃን፦ 900 ብር በ22 ቀን 19,800 ብር ይሆናል። ኪራይ 2,500፣ ምግብ በቀን 200 ሂሳብ 6,000፤ ሥራ በእግር ይኬዳል። የሚተርፈው 11,300 ብር ነው።

አዲስ አበባ፦ 1,200 ብር በ20 ቀን 24,000 ብር። ኪራይ 5,000፣ ምግብ በቀን 280 ሂሳብ 8,400፣ ታክሲ 1,200፣ አንድ ጊዜ ቤት ደርሶ መመለሻ 1,000። የሚተርፈው 8,400 ብር።

በቀን 300 ብር የሚበልጠው ቦታ በወር 2,900 ብር አነሰ። ነገር ግን አዲስ አበባ 24 ቀን ቢሠራና አንድ ክፍል ለሁለት ብትከራዩ ውጤቱ ይገለበጣል። ስለዚህ አንድ ቁጥር በለወጣችሁ ቁጥር መልሳችሁ አስሉ።

5. ሙያውንም መዝኑ

ገና ረዳት ከሆናችሁ፣ ትንሽ የሚያስተርፍ ግን እጃችሁን የሚያፍታታ ቦታ ብትመርጡ አልቃወምም። ጥሩ ባለሙያ ሥር አንድ ዓመት መዋል የነገውን ሂሳብ ይለውጣል። ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ከሆነ ግን የልጅ ትምህርት ቤት ቀጠሮ አይሰጥም፤ የሚተርፈውን ብር አስቀድሙ።

6. መጀመሪያ ለአንድ ወር ሞክሩ

የነበራችሁበትን ክፍል ወዲያው አትልቀቁ። ብትችሉ ለጓደኛ አካፍሉትና ሂዱ፤ ዘመድ ጋር ወይም አብሮ አደግ ጋር እደሩ። ማታ ማታ የገባውንና የወጣውን ደብተር ላይ ጻፉ። 30ኛው ቀን ላይ ደብተሩን ከግምታችሁ ጋር አስተያዩና ክፍሉን ያኔ ልቀቁ፣ ወይም ዕቃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።