ሚዲ ጊታር፦ ከመግጠም እስከ ቀረጻ

ሚዲ ጊታር ድምፅ አይልክም፤ የሚልከው ትእዛዝ ነው። የትኛው ኖታ ተመታ፣ በምን ያህል ጉልበት፣ መቼ ቆመ፣ ክሩ ተጎትቶ ከሆነስ ምን ያህል ተጎተተ? ይህን ተቀብሎ ፒያኖ፣ ሳክስፎን ወይም ማሲንቆ የሚያስመስለው ኮምፒውተሩ ነው። ኪቦርድ የማይነካ ጊታሪስት የኪቦርዱን ክፍል ራሱ መቅረጽ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፦ በተራ ጊታር ላይ ማንም ልብ የማይለው የጣት ጭረት እዚህ ራሱን የቻለ ኖታ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ዓይነቱ ሦስት ነው። አንደኛው ክሩ ለስም ብቻ ያለ፣ መቃኘት የማያስፈልገው መሣሪያ ነው፤ ካሲዮ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዲጂ-20 የፕላስቲክ ክር ነበረው። ሁለተኛው ተራ የብረት ክር ጊታር ላይ ለእያንዳንዱ ክር የተለየ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት የሚሰማ ማግኔት) ገጥሞ፣ ንዝረቱን በመቀየሪያ ወደ ሚዲ እየለወጠ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው የተራውን ጊታር ድምፅ በኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባ መሣሪያ) አስገብቶ በሶፍትዌር ብቻ ወደ ሚዲ የሚቀይር ነው፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ኮርድ ላይ ግን በቀላሉ ይሳሳታል። ከዚህ በታች ያለው ስለ ሁለተኛው ነው። የክር በክር ቻናልና የፒካፕ አገጣጠም ጉዳይ ሲቀር ለሦስተኛውም ይሠራል።

1. ፒካፑን መግጠም

መጀመሪያ ክሩን ይቀይሩ። ያረጀ ክር ንዝረቱ የተዛባ ስለሆነ መቀየሪያው ኖታውን በአንድ ኦክታቭ ሊያስተው ይችላል። ናይለን ክር ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ማግኔታዊ ፒካፕ የሚሰማው ብረት ብቻ ነው።

ፒካፑን ከብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ ከሚያርፉበት ድጋፍ) አጠገብ፣ የቻሉትን ያህል አስጠግተው ያድርጉ። እያንዳንዱ ክር በራሱ ማግኔት ላይ በትክክል ማለፍ አለበት፤ ወደ ጎን ከሸሸ የጎረቤቱ ክር ድምፅ ይገባበታል። ከዚያ ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ይጫኑና በክሩና በፒካፑ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። 1 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል። መለኪያ ከሌለ 10 ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ተደራርቦ ወደ 1 ሚሊሜትር ይጠጋል። ክሩ ፒካፑን ከነካ ይንጫጫል፤ ከራቀ ደግሞ ቀስ ብለው የመቱት ኖታ ይጠፋል።

2. ማገናኘትና ቁጥሮቹን ማየት

መቀየሪያውን በዩኤስቢ ያገናኙ፣ በመቅረጫ ፕሮግራሙ የሚዲ ማስገቢያ ዝርዝር ውስጥ ያብሩት። ድምፅ ከመምረጥዎ በፊት ስድስቱን ክሮች ፍሬት ሳይጫኑ አንድ በአንድ እየመቱ የሚመዘገበውን ቁጥር ይመልከቱ። ከወፍራሙ ጀምሮ 40፣ 45፣ 50፣ 55፣ 59፣ 64 መምጣት አለበት። ሁሉም በ12 ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የኦክታቭ ማስተካከያው ተነክቷል ማለት ነው። አንዱ ክር ብቻ ከሳተ ቅኝቱን እንደገና ይፈትሹ።

ቀጥሎ ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም መቀየሪያው ምቱን የሚሰማበት መጠን። ለእያንዳንዱ ክር ለብቻው ይስተካከላል። ክሩን በሕይወትዎ የሚመቱትን ያህል አጥብቀው ይምቱ፣ መለኪያው ጫፍ ሊነካ ሲል ሴንሲቲቪቲውን እዚያ ላይ ያቁሙት። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው ይምቱ፣ ኖታው መውጣቱን ያረጋግጡ። ይህን ሳያደርጉ ወደ ቀረጻ የሚሮጡ ብዙዎች ናቸው፣ በኋላም ስሕተቱን በእጃቸው ሲያራግፉ ያመሻሉ።

3. ቻናልና ቤንድ

ሁለት አማራጭ አለ። ሞኖ ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱ ቻናል (የሚዲ ትእዛዝ የሚሄድበት መስመር) ይኖረዋል፤ አንዱን ክር ቢጎትቱ ሌሎቹ አይንቀሳቀሱም። ፖሊ ላይ ሁሉም በአንድ ቻናል ይሄዳሉ፤ አንዱን ሲጎትቱ ኮርዱ በሙሉ አብሮ ይንሸራተታል። ለፒያኖና ለኦርጋን ፖሊ ይምረጡና ቤንዱን (የክር ጉተታውን ትእዛዝ) ይዝጉት። ለሳክስፎን፣ ለማሲንቆና ለሊድ ሞኖ ይሻላል። የሶፍትዌር መሣሪያው ኤምፒኢ የሚባለውን፣ እያንዳንዱን ኖታ በራሱ ቻናል የሚያስተናግደውን አሠራር የማይቀበል ከሆነ ግን ስድስቱንም ቻናል እንደ አንድ ስለሚያይ፣ ለየክሩ አንድ አንድ ቅጂ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል።

የቤንድ ስፋት፣ ማለትም ጉተታው የሚደርስበት ትልቁ ርቀት፣ በመቀየሪያውና በሶፍትዌር መሣሪያው ላይ አንድ ቁጥር መሆን አለበት። ብዙ መሣሪያዎች ሲከፈቱ ስፋታቸው 2 ግማሽ ቶን ነው፤ ለጊታር ግን 12 ይመረጣል። መቀየሪያው 12፣ መሣሪያው 2 ላይ ከሆነ አንድ ሙሉ ቶን የጎተቱት ክር የግማሽ ቶን ሲሶ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ተቃራኒው ከሆነ ያው ጉተታ ኦክታቭ ዘሎ ይወጣል። «ጊታሩ ቅኝቱ ተበላሸ» የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

4. መዘግየት

መቀየሪያው ኖታውን ለመለየት ክሩ ቢያንስ አንድ ዙር ያህል ሲንቀጠቀጥ ማየት አለበት። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ገደማ ስለሚንቀጠቀጥ አንዱ ዙር ብቻ 12 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ቀጭኑ ክር ላይ 3 ሚሊሰከንድ ነው። ይህን ገንዘብ አይፈታውም፣ የተፈጥሮ ሕግ ነው። መፍትሔው አጨዋወት ነው፦ የቤዝ መስመር በቀጭኖቹ ክሮች ተጫውተው በፕሮግራሙ 12 ወይም 24 ግማሽ ቶን ዝቅ ያድርጉት።

በኮምፒውተሩ በኩል ያለውን ግን መቀነስ ይቻላል። በ48,000 ኸርዝ በፈር (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የድምፅ ናሙና ብዛት) 128 ሲሆን 2.7 ሚሊሰከንድ ይጨምራል፤ 1024 ሲሆን 21 ይደርሳል። ዊንዶውስ ላይ የኤኤስአይኦ (መዘግየትን የሚቀንስ የድምፅ) ድራይቨር ይጠቀሙ። የብሉቱዝ ማዳመጫ ይተዉት፣ ባለ ገመድ ይሁን።

5. ልምምድ

ሚዲ ጊታር ለልምምድ ያለው ትልቁ ጥቅም ስሕተትን በዓይን ማሳየቱ ነው። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርገው ለሁለት ደቂቃ ይቅረጹ፣ ከዚያ ፒያኖ ሮሉን (ኖታዎቹ በፍርግርግ ላይ የሚታዩበትን መስኮት) ይክፈቱ። ኖታዎቹ ከመስመሩ ቀድመው ይሁን ዘግይተው እንደሚወድቁ፣ የቱ ጣት ደካማ እንደሆነ (የጉልበቱ ቁጥር ከ1 እስከ 127 ነው) በግልጽ ይታያል። የተበታተነ ስሕተት የእጅ ነው፤ ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚዘገይ ከሆነ የማሽን ነው።

የእኛን ቅኝቶች ለመለማመድ ከ60 (ከመካከለኛው ዶ) ተነሥተው ቁጥራቸውን ይያዙ። ትዝታ ሜጀር 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69። ባቲ ሜጀር 60፣ 64፣ 65፣ 67፣ 71። አምባሰል 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68። አንቺሆዬ 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69። ከቅኝቱ ውጭ የሆነች ኖታ ሮሉ ላይ ወዲያው ትለያለች። አንቺሆዬ ላይ 66ን ትቶ 67 መንካት የለመደ ጣት ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ ይዘግዩ። ይህ የፒያኖ ልክ መሆኑን ግን አይርሱ፤ በጆሮ የተቃኘ ክራር ሁልጊዜ ከዚህ ልክ ጋር አይገጥምም።

6. ቀረጻ

ሚዲውንና የጊታሩን ተራ ድምፅ በሁለት ትራክ በአንድ ጊዜ ይቅረጹ። ሚዲው ኖታ ከሳተ በእርግጥ ምን እንደተጫወቱ የሚነግርዎ ተራው ድምፅ ነው። ቴምፖው ከቀረጻው በፊት ይወሰን።

ሲያጸዱ መጀመሪያ ከ40 ሚሊሰከንድ ያጠሩና ጉልበታቸው ከ20 በታች የሆኑ ኖታዎችን ይፈልጉ፤ አብዛኞቹ የጣት ጭረት ናቸው። ሁሉንም በጅምላ ግን አይሰርዙ፣ ከመካከላቸው ያጌጠ ጨዋታ ሊኖር ይችላል። ኳንታይዝ ሲያደርጉ (ኖታዎቹን ወደ ፍርግርጉ መስመር ሲስቡ) 50 ወይም 60 ከመቶ ይበቃል። ጠረግ ተደርጎ የተመታ ኮርድ ላይ ሙሉ ኳንታይዝ ካደረጉ ስድስቱ ክሮች በአንድ ቅጽበት ይወድቁና የጊታርነት ጠረኑ ይጠፋል። ችክችካ ከሆነ ፕሮጀክቱን 6/8 ያድርጉት፤ በ4/4 አሥራ ስድስተኛ ፍርግርግ ላይ የተጎተተ ችክችካ ያነክሳል።

የክራር ድምፅ ሲመርጡ ሪሊዙን ማለትም ኖታው ከተለቀቀ በኋላ ድምፁ የሚቆይበትን ጊዜ ያርዝሙት፤ ጣትዎን ከፍሬቱ ሲያነሡ ሚዲው ኖታውን ይቆርጠዋል፣ የክራር ክር ግን ካልታፈነ ይጮኻል። ለማሲንቆ ሁሉንም በአንድ ክር ላይ እየተንሸራተቱ ይጫወቱ፤ ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነውና ኮርድ ከተጫወቱበት የትኛውም አድማጭ ይነቃብዎታል።

አንድ ኖታ ተጣብቆ አልቆም ካለ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የፓኒክ ቁልፍ ይጫኑ። ደጋግሞ ከመጣ የዩኤስቢ ገመዱን ይቀይሩ፣ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት። ሳይመቱት ኖታ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጊታሩን ከትራንስፎርመርና ከቻርጀር አርቀው እንደገና ይሞክሩ።