ጥንቸላችሁ ምን እያለቻችሁ ነው?

ጥንቸል እንደ ውሻ አትጮህም፣ እንደ ድመት እየታከከችም አትለምንም፣ አብዛኛውን የምትለውን በጆሮዋ፣ በእግሯና በአቀማመጧ ነው የምትለው። እኛ ቱሉ ዲምቱ ግቢያችን ውስጥ ጥጥዬ የምንላት አለችን፣ ማታ ጅብ ሲጮህ ወይ የጎረቤት ውሻ አጥሩን ሲቧጭር በኋላ እግሯ መሬቱን ድም! ታደርገዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ቁጣ መስሎኝ "ተይ!" እላት ነበር፣ ለካ ፈርታ እኛንም ተጠንቀቁ እያለችን ነው። እንደዛ ስታደርግ አትቆጧት፣ ዝቅ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ አውሯት፣ ቤቷን በጆንያ ጋርዱላት፣ የምትደበቅበት ካርቶንም ይኑራት።

ጆሮ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኝቶ ሰውነቷ ልስልስ ካለና ዓይኗን ጨፈን ካደረገች እረፍት ላይ ናት፣ ግን ጆሮዋ ጀርባዋ ላይ ጥብቅ ብሎ ጭራዋ ከተነሳና ሰውነቷ ከተወጠረ እጃችሁን ሰብስቡ ትነክሳለች። ስለዚህ ጆሮ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

አየር ላይ ዘላ ወገቧን ጠምዘዝ ስታደርግ ደስታ ነው በቃ ሌላ ትርጉም የለውም። ድንገት በጎኗ ዝርግት ስትልም አትደንግጡ፣ እናቴ አንዴ ሞተች ብላ እሪ ብላለች፣ እንደዛ የምትተኛው ቦታውን ስታምነው ነው። አገጯን ጀሪካን ምናምን ላይ ስታሽ ደግሞ ሽታዋን እየተወች "የኔ ነው" ማለቷ ነው።

ስትነኳት ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት አትምጡባት፣ ዓይኗ ግራና ቀኝ ስለሆነ እዛ ጋ ያለውን አታይም። ከላይ ድንገት የሚወርድ እጅም ጭልፊት ነው የሚሆንባት። በጎን መጥታችሁ ግንባሯን ዳበስ አድርጉ።

አሁን ዋናው። ስትዳበስ ጥርሷን ለስለስ አድርጋ ብታፋጭ ተመችቷታል፣ ግን ጥግ ይዛ ተኮራምታ ጮክ አድርጋ ካፋጨች ህመም ነው። ጥንቸል ህመሟን ትደብቃለች፣ ዱር ውስጥ የደከመ ይበላላ። የመጀመሪያዋ ጥንቸሌ አንድ ቀን ሰርዶዋን ሳትነካ ዝም ብላ ተቀመጠች፣ እኔ ዛሬ ጨዋ ሆናለች ብዬ ነገ አያታለሁ አልኩ፣ ጠዋት አልደረስኩባትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጠዋት ጠዋት በጠጧን ተመልከቱ፣ ካነሰ ወይ ከደቀቀ አንጀቷ እየደከመ ነው፣ 12 ሰዓት ያህል ካልበላች ወይ በጠጥ ካልጣለች ሌሊትም ቢሆን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት። ብዙዎቹ ከብትና ውሻ ነው የለመዱት፣ ስለዚህ ጥንቸል የሚያውቀውን ሳትታመም በፊት ጠይቃችሁ ስልኩን ያዙ፣ እስከዛው ግን ቤት ያለውን አሞክሳሲሊን በአፏ እንዳትሰጧት፣ አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጨርሶ ይገድላታል።