አዳማ ላይ የጉድጓድ ውሃ ዕድሜ ሲለካ የሚሠሩ ስህተቶች

የላቦራቶሪ ውጤት መጥቶ «ይህ ውሃ የሺህ ዓመታት ዕድሜ አለው» ሲባል ብዙ ሰው እፎይ ይላል። ያረጀ ውሃ ከላይ የሚወርድ ቆሻሻ አይነካውም ብሎ ያምናላ። እኔ ግን እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ጋዝ ነው።

ትልቁ ስህተት የካርቦን-14ን (ጨረር እየለቀቀ በጊዜ ብዛት የሚቀንስ የካርቦን ዓይነት ነው) ቁጥር እንዳለ መቀበል ነው። የዝናብ ውሃ ወደ መሬት ሲሰርግ ከአፈሩ ካርቦን-14 ይዞ ይወርዳል፤ እሱም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስሌቱ የሚያስኬደው ሌላ ካርቦን ካልተጨመረበት ነው። የእኛ ምድር ግን በወንጂ ስንጥቆች የተተለተለ ነው፤ የሶደሬ ፍልውሃም ከሥር ሙቀት እንዳለ ይመሰክራል። ከዚያ ጥልቀት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦን-14 የሚባል የለውም። በውሃው ካለው ካርቦን ግማሹ ከዚያ ከመጣ፣ የዘንድሮ ዝናብ እንኳ 5,730 ዓመት የሞላው ይመስላል! ስለዚህ በጊዜ የማይቀንሰውን የካርቦን ዓይነት፣ ካርቦን-13ንም አብራችሁ አስለኩ፤ የአፈሩን ካርቦን ከጥልቁ ለመለየት ይረዳል።

ትሪቲየምን፣ ማለትም ጨረር የሚለቅ የሃይድሮጂን ዓይነት፣ ሳያስለኩ መዝለልም ያው ስህተት ነው። የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራዎች ወደ አየር የለቀቁት ትሪቲየም እ.ኤ.አ. በ1963 ጣሪያ ነክቶ ነበር፤ በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። «ጥንታዊ» በተባለ ውሃ ውስጥ ከተገኘ፣ ወይ አዲስ ውሃ ተቀላቅሏል፣ ወይ የካርቦኑ ቁጥር አሳስቷል። በሁለቱም መንገድ የመጸዳጃ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ እዚያ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ካልተገኘ ደግሞ ለመደምደም አትቸኩሉ። ውሃው 100 ዓመትም፣ 10,000 ዓመትም ሊሆነው ይችላል።

አቀዳድ ላይ፦ በጉድጓዱ ተኝቶ የቆየው ውሃ በፓምፕ ተስቦ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ጠርሙሱን አረፋ ሳታስቀሩ እስከ አፉ ሙሉ። አየር ከገባ ያረጀው ወጣት ይመስላል።

ከ40,000 ዓመት በላይ ለቆየ ውሃ ካርቦን-14 አቅም የለውም። በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ሥር ያለው የኑብያ ውሃ ወደ አንድ ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳለው የታወቀው ከካርቦን-14 እጅግ ቀስ ብሎ በሚቀንሰው ጋዝ፣ በክሪፕተን-81 ነው።

ያረጀ ሁሉ ይጠጣል ማለትስ? በስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ውስጥ ብዙ የቆየ ውሃ ፍሎራይድ ሊያጠራቅም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የልጆቻችንን ጥርስ ያበለዘው ከዚያ ያለፈው ነው። ለዕድሜው ናሙና ስትቀዱ አንድ ጠርሙስ ለፍሎራይድ ጨምሩ።