ቫልሃይም ላይ አጋዘን የሚያስመልጡ ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጌም ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ ቫልሃይም የሚጫወት ቡድን ካጋጠማችሁ፣ ምን እያደኑ እንደሆነ ለማወቅ ስክሪኑን ማየት አያስፈልጋችሁም። «ዙርበት! በዚያ በኩል ዙርበት! ኧረ ሄደ እኮ!» የሚል ጩኸት ከሰማችሁ አጋዘን ነው። ከርከሮ እንዲህ አያስጮህም፤ እሱ ራሱ ነው ወደ ሰው የሚመጣው።

ለማታውቁት፣ ቫልሃይምን የሠራው አይረን ጌት የሚባል የስዊድን ስቱዲዮ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ሲሆን በአንድ ዓለም ውስጥ እስከ 10 ሰው አብሮ ይጫወትበታል። ባዶ እጃችሁን ሜዳ ላይ ትወረወራላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተ ፋንታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ አጋዘን የማይገባበት ጉዳይ የለም። ሥጋው ምግብ፣ ቆዳው ልብስ ይሆናል፣ ራሱ የመጀመሪያውን ቦስ (ማሸነፍ ያለባችሁን ትልቅ ጠላት) አይክቲርን መጥሪያ ነው። ሁለት የአጋዘን ራስ ካልቀረበለት አይክቲር አይመጣም። እሱ ካልሞተ ቀንዱ አይገኝም፣ ከቀንዱ የሚሠራው መቆፈሪያ ከሌለ ደግሞ መዳብ አይወጣም። ራስ ከእያንዳንዱ አጋዘን እንደማይወድቅ ስታስቡት፣ ማደን የማይችል ቡድን መስኩ ላይ ሣር ሲቆጥር ያመሻል።

አይቶ መሮጥ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፤ ከታች የምጠቅሳቸው አብዛኞቹም የዚሁ ልጆች ናቸው። አጋዘኑ ይፈጥናችኋል። እናንተ የምትሮጡት በስታሚና፣ ማለትም በጉልበታችሁ ነው፤ እሱን የምታሳየው ቢጫዋ መስመር ደግሞ ብዙም ሳትርቁ ታልቃለች። አለመድረሳችሁ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ደጋን መገተርም የሚበላው ያንኑ ስታሚና ነው። ሮጣችሁ፣ ሮጣችሁ፣ በመጨረሻ አጋዘኑ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ጎኑን ሰጥቷችሁ፣ አመቺ ሆኖ። እናንተ ግን መስመሯን አሟጣችሁ ስለደረሳችሁ ደጋኑ አልገተር ይላችኋል። ብዙ ጀማሪ ይሄን ጊዜ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

የሸሸ አጋዘን ሸሽቶ አይቀርም። የሚያሳድደው ሲያጣ ይረጋጋል፣ እንደ ቀድሞው ወዲያ ወዲህ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ሲፈተለክ የምትይዙት ነገር አቅጣጫውን ብቻ ነው። ቁሙ። መስመሯ ትሙላ። ከዚያ በእርምጃ ተከተሉት። ዝናብ ከመታችሁ ስታሚና ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ጣራ ሥር እሳት ዳር ካረፋችሁ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። እሳት ዳር የተቀመጠውን ጓደኛችሁን «ሰነፍ» እያላችሁ አትስደቡት፤ ከሁላችሁም በፊት ተኩሶ የሚገድለው እሱ ነው።

ያለ ደጋን መውጣት

በድንጋይ መጥረቢያ አጋዘን የሚያባርር ሰው አሁንም አያለሁ። የመጀመሪያው ደጋን የሚፈልገው 10 እንጨትና 8 ቁራጭ ቆዳ ነው። ቁራጭ ቆዳው ከከርከሮ ይገኛል፣ ከርከሮ ደግሞ ሳትፈልጉትም ይመጣል። ደጋኑን የምትሠሩበት የሥራ ጠረጴዛ ጣራ ካልተሠራለት አይሠራም፤ እሱን አስታውሱ። ጦር ወርውሮ መግደልም ይቻላል፣ ግን ከሳታችሁ አጋዘኑን ትታችሁ ሣር ውስጥ ጦር ፍለጋ ነው።

ዘግይቶ ማጎንበስ

አጋዘኑ አንገቱን ካቀና በኋላ ለማጎንበስ ኪቦርዱ ላይ ኮንትሮልን መጫን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ገና ከሩቅ፣ ቀንዱ ከሣሩ በላይ ብቅ ሲል ነው መጎንበስ። ስታጎነብሱ ማነጣጠሪያው አጠገብ የዓይን ምልክት ትመጣለች፤ መሸሸጋችሁን ወይም መታየታችሁን የምትነግራችሁ እሷ ናት። ብዙ ሰው አጋዘኑ ላይ እንዳፈጠጠ እሷን ሳያያት ይቀራል።

አጎንብሶ መሄድም ስታሚና ይበላል። ጥቂት ሄዳችሁ እንደጎነበሳችሁ ቁሙ፤ መስመሯ ስትሞላ ደግሞ ቀጥሉ። ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ጠጋ በሉ። በማታ ችቦ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ብርሃን ላይ ያለ ሰው ቶሎ ይታያል፣ ጨለማ ውስጥ ያጎነበሰ ግን እስከ አፍንጫው ይደርሳል። ድምፅም አለ። እናንተ እየተሳባችሁ ሳለ አንዱ ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ዛፍ መጣል ከጀመረ አለቀ። «አንተ፣ መጥረቢያህን አስቀምጥልን እስኪ» ማለት ያባት ነው።

ከዚህ ደባርቅ ተሻግሮ ሰሜን ተራሮች ፓርክን ያየ ሰው ይሄ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ጭላዳ ዝንጀሮ አጠገቡ ብትቀመጡ ሣሩን መንቀሉን አይተውም፤ ዋልያ ግን ገና ከሩቅ ሲያያችሁ ገደሉን ይይዛል። ዋልያን ማደን በሕግ የተከለከለ ስለሆነ እዚያ የሚታደነው ፎቶ ነው፣ ግን ጥሩ ፎቶ ይዞ የሚመለሰውም ቁጭ ብሎ የጠበቀው ነው።

ሳትታዩ የለቀቃችኋት ቀስት ሌላም ጥቅም አላት፦ ጉዳቷ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ለተራው አጋዘን ትርፍ ነው። ስሙ ላይ ኮከብ ላለው ግን ያስፈልጋል፤ እሱ ቶሎ አይሞትም፣ ሲሞት ደግሞ የሚጥለው ይበዛል።

ሳይገትሩ መልቀቅ

ጉጉት ነው። ደጋኑን ስትገትሩ ማነጣጠሪያው ላይ ያለው ክብ እየጠበበ ይሄዳል፤ ጠቦ ሳያልቅ የተለቀቀች ቀስት አቅሟም አቅጣጫዋም የላላ ነው። በደንብ የተገተረች አንዲት ቀስት ኮከብ የሌለውን አጋዘን ትበቃዋለች። ገትሮ ብዙ መቆየት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ስታሚናው እየፈሰሰ ነው። ቀስት በመንገዷ ላይ ዝቅ ስለምትል ለሩቁ ከፍ አድርጋችሁ አነጣጥሩ። የሚሮጥ አጋዘን ላይ መተኮስ እንጨት ማባከን ነው፤ እስኪቆም ጠብቁት።

ሁሉም የየራሱን ማሳደድ

አምስት ሰው አምስት አጋዘን ሲያባርር አምስቱም ባዶ እጁን ይመለሳል። እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አጋዘን የሚሸሸው ካስፈራው ሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ይሄ ባሕርዩ ራሱ መሣሪያ ይሆናችኋል። ሁለት ሰው ዞሮ ከወዲያ ማዶ ያጎነብስ፣ ደጋኑን ያዘጋጅ። አንዱ ብቻ ከወዲህ ቆሞ በግልጽ ይታይ። አሳዳጁ መሮጥም አይጠበቅበትም፤ እየተራመደ ቢጠጋ ይበቃል፣ ምክንያቱም አጋዘኑ ቀስ ብሎ በሸሸ ቁጥር ወደ ደጋኖቹ የሚሄድበት መንገድ ቀጥ ይላል። ይሄን የሚሠራ ቡድን ድምፁ አይሰማም። አሳዳጅነቱን ግን በተራ አድርጉት፤ ሁሌ አንዱ ላይ ከወደቀ ሰውየው ይኮርፋል፣ እውነቱንም ነው።

ማን ቀድሞ እንደገባ አለማሰብ

ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። እዚህ አገር ግን ከሁሉ የሚጎዳን እሱ ነው።

ብዙ ኦንላይን ጌም ላይ እንስሳቱን የሚነዳቸው ሰርቨሩ፣ ማለትም ሁሉም የሚገናኝበት ዋና ኮምፒውተር ነው። ቫልሃይም እንዲያ አይደለም። አንድ አካባቢ ላይ ቀድሞ የደረሰው ተጫዋች ኮምፒውተር ነው የአካባቢውን እንስሳት የሚያንቀሳቅሳቸው። አጋዘኑ የት እንደቆመ፣ መቼ እንደደነበረ፣ ወዴት እንደታጠፈ የሚወሰነው በእሱ ማሽን ላይ ነው፤ ሌሎቻችሁ የምታዩት ከእሱ የሚላክላችሁን ነው። የእሱ ኢንተርኔት ከተንቀራፈፈ ለእሱ ምንም አይታወቀውም፣ ለእናንተ ግን አጋዘኑ እየዘለለ ይሄዳል፣ ቆሞ የነበረው በድንገት ዛፍ ማዶ ይገኛል፣ ቀስታችሁ ገላውን ስትነካ ታያላችሁ፣ ደም ግን የለም።

የእኛ ቡድን ውስጥ አንዱ ከእስራኤል ነው የሚገባው፤ ጎንደር ውስጥ ዘመድ እዚያ የሌለው ሰው ማግኘት ስለሚያስቸግር ይሄ ብዙም አይገርምም። እሱ ኔትወርኩ የተስተካከለ ነው፣ እኛ ደግሞ ማታ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ፒንጋችን (የኢንተርኔቱ መዘግየት) የሚነገር አይደለም። ከእኛ አንዱ ቀድሞ ጫካው ውስጥ ሲገባ ጩኸቱ ከወዲያ ይጀምራል፦ «ወንድሜ፣ ይሄ አጋዘን ክንፍ አወጣ እንዴ?» መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ኢንተርኔቱ ደህና የሆነውና ኮምፒውተሩ የማይንቀረፈፈው ሰው ይቅደም፣ ሌላው ከኋላ ይግባ። ቀርፋፋው ሰው አንዴ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ራቅ ብሎ ይሂድና አካባቢውን ይልቀቅ፤ ያኔ ከቀሩት አንዱ ይረከባል።

መብራትንም አትርሱ። ዓለሙ የተከፈተው በአንዳችሁ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ፣ ያ ሰው ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነና መብራት ድርግም ካለ፣ ዓለሙ መጨረሻ ወደተቀመጠበት ሰዓት ይመለሳል።

ብላክ ፎረስት ድረስ መከተል

አጋዘኑ የመስኩን ወሰን አያውቅም። ዛፎቹ እየጠቆሩና እየረዘሙ ከሄዱ ብላክ ፎረስት የሚባለው ጥቁር ጫካ ገብታችኋል፤ እዚያ ግሬይድዋርፍ የሚባሉ የጫካ ፍጡራን በቡድን ይመጣሉ፣ ትሮል የሚባለው ግዙፍም አለ። ስታሚናችሁ በሩጫ ያለቀው ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው። ስትሞቱ ዕቃችሁ መቃብራችሁ ላይ ይቀራል፣ የክህሎታችሁም 5 በመቶ ይቀነሳል፤ ደጋን ላይ ያጠራቀማችሁት ጭምር። አጋዘን መስኩ ላይ ሌላም ስለሚገኝ ወሰኑ ላይ ተመለሱ።

ሳይበሉ መፎከር

ጎንደሬ ገድሎ ካልፎከረ የገደለ አይመስለውም፤ ይሁን። ግን የወደቀው ነገር በራሱ የሚገባው አጠገቡ ላለ ሰው ነው። ተኳሹ ከሩቅ «እኔ ነኝ!» እያለ ወንበሩ ላይ ሲወራጭ፣ ቆዳውም ራሱም አሳዳጁ ከረጢት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ጭቅጭቅ። ከአደን በፊት ማን ምን እንደሚወስድ ተነጋገሩ፤ አሳዳጁም በኪቦርዱ ላይ ቪን ተጭኖ በራሱ ማንሳቱን ያጥፋው።

ሥጋው ጥሬውን አይበላም። ለእኛ ሰው ይሄ ከባድ ዜና ነው፣ ጨዋታው ግን አይፈቅድም። ማብሰያው ላይ ስትሰቅሉት ቀለሙ ሲለወጥ አንሱት፤ ወሬ ይዟችሁ ከዘገያችሁ ከሰል ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አይክቲር ከሞተ በኋላ ወደ ሩጫ መመለስ

አይክቲር ሲሞት የሚሰጠው ኃይል መሮጥና መዝለል የሚበላውን ስታሚና በ60 በመቶ ይቀንሳል። ይሄን ያገኘ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው አጋዘን ማባረር ነው። ኃይሉ የሚቆየው 5 ደቂቃ ነው፣ እንደገና ለመጥራት ደግሞ 20 ደቂቃ መጠበቅ አለ። ቅናሹ ለሩጫና ለዝላይ እንጂ ደጋን ለመገተር አይደለም፤ ደርሳችሁም ያው ባዶ መስመር ነው የሚጠብቃችሁ። ይልቅ ሲመሽ፣ ሥጋና ቆዳ ይዛችሁ ወደ ቤት ስትመለሱ ተጠቀሙበት፤ ወይም የሞተ ጓደኛችሁን መቃብር ከብላክ ፎረስት ለማንሳት ስትሄዱ።