ማይክሮዌቩ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ምግቡ ግን አይሞቅም

ፊውዙ፣ የበሩ ስዊቾችና ዳዮዱ ደህና ከሆኑ ምግቡን የሚያሞቀውን ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል፣ ማግኔትሮኑ፣ ይጠረጠራል። ሆኖም አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ "ሞቷል" ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ክፍል፣ የካፓሲተሩን፣ ጫፎች እጀታው በተሸፈነ ካቻቢቴ እርስ በርስም ከብረቱ አካል ጋርም አገናኙ። ደግማችሁ አገናኙ። ውስጡ ያለውን፣ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ያፈሳል የሚባለውን ሬዚስተር ያመነ ይሞታል።

ደጋግሞ የሚመጣው ብልሽት እንዲህ ነው፦ ሲጀምር ያሞቃል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ይደክማል፣ ጭራሽም ያቆማል። በማግኔትሮኑ ውስጥ የኤሌክትሮኑ ምንጭ ቶሪየም ያለበት የተንግስተን ክር (ፊላመንት) ነው፤ በ3.3 ቮልት ገደማ 10 አምፒር ያህል ይስባል። ወደ ክሩ የሚሄደው ሽቦ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ፣ ተርሚናሉ፣ ላልቶ 0.1 ኦም ብቻ ቢጨምር ወደ 1 ቮልት ይበላል፣ 10 ዋት ያህል ሙቀትም እዚያው ይቀራል። ሙቀቱ ተርሚናሉን ይበልጥ ያላላዋል። ክሩ ትንሽ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ኤሌክትሮን በብዙ እጥፍ ያሽቆለቁላል።

መልቲሜትር እዚህ አይረዳም፤ 0.1 ኦም ከራሱ ሽቦ ጋር ይምታታል። በዓይን እዩ። ተርሚናሉ ያለ ትግል ከወጣ፣ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ የሽቦው ልባስ ደርቆ ከተሰነጠቀ አገኛችሁት።

ሽቦውን መዳቡ እስኪያበራ ቁረጡ። አዲስ 6.3 ሚሊ ሜትር ተርሚናል በመጭመቂያ ፒንሳ አጥብቁ፤ ተርሚናሉ የሚሰካበትን የማግኔትሮኑን ምላስ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ሲገባ መታገል አለበት። በሊድ አትበይዱ፣ ይቀልጣል። የቤት ሽቦ አትቀጥሉ! ይህ መስመር ከአካሉ አንጻር 4,000 ቮልት ገደማ ይሸከማል፤ የፊላመንቱን ቮልቴጅ እየሠራ ለመለካትም አትሞክሩ። ገበያ ላይ ያለው ቀጭን ተርሚናል በጣት የሚታጠፍ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ክሩ ከተቆረጠ ወይም ከአካሉ ጋር ከተነካካ ማግኔትሮኑን ቀይሩ። ማግኔቱ ከተሰነጠቀ ሙቀት በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል ማራገቢያውንም እዩ። የማግኔትሮኑን ሴራሚክ አትስበሩ፤ አንዳንዱ አቧራው መርዝ ነው። ማታ ማታ ብቻ የሚደክም ከሆነ የግድግዳውን ሶኬት ቮልቴጅ ለኩ፦ 220 ወደ 180 ሲወርድ የክሩ 3.3ም ወደ 2.7 ይወርዳል።

ሲያልቅ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በሙሉ ኃይል ለ1 ደቂቃ አሙቁና አማስሉት። የጨመረውን ዲግሪ በ70 አባዙ፤ ዋቱ ያ ነው። 700 ዋት የሚል ምድጃ 10 ዲግሪ ገደማ ካልጨመረ ተርሚናሉን እንደገና ፈትሹ።