ከኋላ ጉብ የሚለውን የቪክቶሪያ ዘመን ጉርድ እንዴት እንስፋ?

ይህን ጉርድ በድሮ የእንግሊዝ ፎቶዎች ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ከፊት ልሙጥ ነው፤ ከኋላ ከወገብ በታች ጉብ ብሎ ይወርዳል። ጉብታው ግን የጉርዱ አይደለም። ከስር ባስል የሚባል መደገፊያ አለ። ስለዚህ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ባስሉን ስሩ።

ፋሽኑ ሁለት ጊዜ መጥቷል። በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለስለስና ክብ ያለ ነበር። ከዚያ ለጥቂት ዓመታት ጠፋና በ1883 አካባቢ ተመለሰ፤ አሁን ግን እንደ መደርደሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይወጣል። ይህኛው ብዙ ጊዜ የብረት ሽቦ ነበረው። እኛ በትራስ እንገላገላለን።

ከአቡጀዴ 30 በ20 ሴንቲ የሆነ ግማሽ ጨረቃ ትራስ ስፉ። ጥጥ ጠቅጥቁበት፤ ጥብጣብ አድርጋችሁ ወገባችሁ ላይ እሰሩት። ትራሱ ብቻውን እብጠት ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከኋላው ሦስት ረድፍ ሽብሽብ የተሰፋበት የውስጥ ጉርድ ከላዩ ልበሱ። ትራሱ ያነሳውን እሱ ነው እስከ ታች የሚያወርደው።

አሁን ተለኩ። ባስሉን አስራችሁ፣ በዕለቱ የምታደርጉትንም ጫማ አድርጋችሁ። የመጀመሪያዬን የቆረጥኩት ያለ ባስል ተለክቼ ነው። ስለብሰው ከፊት ጫማዬን ሸፍኗል፣ ከኋላ ካልሲዬ ይታያል! ጨርቁ ባስሉ ላይ ሲወጣ ቁመት ይበላል።

ወገብ 70፣ የፊት ቁመት 100 ሴንቲ ነው እንበል። 150 ስፋት ያለው ጨርቅ 3 ሜትር ተኩል ይበቃል። ቀጭን ሱፍ ወይም ጠንከር ያለ ጥጥ ይሻላል፤ የሚለጠጥ ነገር አይሆንም። አራት ቁራጭ አለው፦

የፊቱ ከላይ 20፣ ከታች 56 ሴንቲ። ሁለቱ የጎን እያንዳንዳቸው ከላይ 14፣ ከታች 44፤ የጎኖቹ የፊት ዳር ቀጥ ይበል፣ የኋላ ዳራቸው ይሰፋ፣ በ3 ሴንቲም ይርዘም። የኋላው ከላይም ከታችም 110 ነው። የኋላው ቁመት ጎንና ጎኑ ላይ 103፣ መሃሉ ላይ 112 ገደማ ይሁን፤ ማለትም የላይኛው ጫፍ እንደ ቀስት ይቆረጣል። መሃሉን ራሳችሁ ላይ ለክታችሁ አስተካክሉ። ለስፌት ከየዳሩ 1.5፣ ከታች 4 ሴንቲ ጨምሩ። የኋላው ጨርቅ የላይ ጫፍ 2 ሴንቲ ስለሚታጠፍ እሱንም አትርሱ።

ጎኖቹን ከፊቱ፣ ከዚያ ከኋላው ጋር ስፉ። በግራ በኩል የጎንና የኋላ መገጣጠሚያው ላይ ከላይ 25 ሴንቲ ክፍት ተዉ፤ መልበሻችሁ እሱ ነው። ስፌቱን ሁሉ በካውያ ክፈቱት።

ትዕግስት የሚጠይቀው ወገቡ ነው። 110 ሴንቲ ጨርቅ 22 ሴንቲ ውስጥ መግባት አለበት። በተራ ፒየጋ ከሞከራችሁት ይወፍራል። የላይኛውን ጫፍ 2 ሴንቲ እጠፉ። በጠንካራ ክር፣ በእጅ፣ በ1 ሴንቲ ልዩነት ሁለት ረድፍ ስፉ። የላይኛው ረድፍ መርፌ የገባበት ቦታ ላይ የታችኛውም ይግባ። ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ሳቡ። ጨርቁ እንደ መጽሐፍ ገጾች ቀጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወገቡ ላይ የሚዞረው ጨርቅ ሲጠናቀቅ 73 በ4 ሴንቲ ይሁን፤ 3ቱ ለመደራረቢያ ነው። የፊቱንና የጎኑን በመኪና፣ የኋላውን እያንዳንዷን እጥፋት በእጅ ስፉበት። መዝጊያው መንጠቆ ነው፤ ዚፕ ያኔ የለም።

አሁን ብዙዎች የሚረሱት። ከውስጥ፣ የኋላው ጨርቅ ከጎኖቹ የተገጣጠመበት ሁለቱ ስፌቶች ላይ፣ ከወገብ 45 ሴንቲ ወርዳችሁ አንዳንድ ጥብጣብ ስፉ፤ 65 ላይም ድገሙት። ጥንድ ጥንዱን ከእግራችሁ ኋላ እሰሩ። ፊቱ ሰውነት ላይ ይለጠፋል፣ ስፋቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። አጥብቃችሁ አትሰሩ። አንድ ሰፊ እርምጃ ተራምዳችሁ እሰሩት፤ አለበለዚያ ደረጃ ላይ ጉድ ነው።

ታቹን ለብሳችሁ፣ ሌላ ሰው በስፒል ይያዝላችሁ፤ ከመሬት 4 ሴንቲ ከፍ ይበል። ከውስጥ 15 ሴንቲ ስፋት ያለው የጥጥ ጨርቅ ዙሪያውን ብትደርቡበት ክብደት ይሰጠዋል። ከላይ ሽብሽብ ማከል ካማራችሁ፣ ርዝመቱን የጉርዱን ዙሪያ እጥፍ አድርጉ። ስፌት መኪና የተስፋፋበት ዘመን ስለነበር እነሱ ሽብሽብ አልሰሰቱም።

ስትቀመጡ ባስሉን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጉና የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።